ፍሬቻ ለመቀየር ሁለት ሳምንት

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1

የሞተር ሳይክሌ የኋላ ግራ ፍሬቻ ትናንት ማታ ሄደ። ከጥቁር ውኃ ወደ ሐዋሳ እየገባሁ ነበር። ወደ ግራ ልታጠፍ ስል አንድ ባጃጅ በግራዬ መጣና ፍሬቻውን ከአንገቱ ቀንጥሶት አለፈ። እኔን ምንም አልነካኝም፣ ተመስገን። ባለባጃጁ ከፊት አቁሞ በእግሩ ተመለሰ። ሊጣላኝ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር።

"ወንድሜ፣ ፍሬቻ ሳታሳይ እኮ ነው የታጠፍከው" አለኝ ረጋ ብሎ።

"አሳይቻለሁ!" አልኩና ላረጋግጥለት ማብሪያውን ወደ ግራ ገፋሁት። የፊቱ ይበራል። የኋላው በሽቦው ተንጠልጥሏል። አምፖሏን አውጥቼ በስልኬ መብራት አየኋት። መስታወቷ አልተሰበረም፤ ግን ውስጧ ጠቁሯል፣ ክሯ ተበጥሷል። የተቃጠለችው ያን ማታ አይደለም። ሰውየው ልክ ነው።

ምልክቱ ደግሞ ነበረኝ። ከሁለት ሳምንት ወዲህ የግራው ፍሬቻ ጥድፊያ አብዝቶ ነበር። ጠቅጠቅጠቅጠቅ ይላል፣ ከቀኙ እጥፍ ፈጥኖ። አንድ አምፖል መሞቷን እየነገረኝ ነበር። እኔ ግን "ባትሪው ጥሩ ሞልቷል ማለት ነው" ብዬ አለፍኩት። ይህን ስጽፍ እያፈርኩ ነው።

ዘንድሮ ስትቃጠል ይህች ሦስተኛዋ ናት። ሰፈሬ ኮብልስቶን ነው። ሞተሯ ራሷ ትንቀጠቀጣለች፣ ድንጋዩ ይጨምርበታል፣ የአምፖሏ ክር ደግሞ ከፀጉር የማትወፍር ናት። ኤልኢዲ የሚባለው መብራት ግን የሚበጠስ ክር የለውም። ስለዚህ ወሰንኩ፤ አራቱንም በኤልኢዲ እቀይራለሁ። ነገ እሁድ ከቁርስ በኋላ ጀምሬ ለምሳ እጨርሳለሁ አልኩ። ባለቤቴ "እሺ" አለች። ያ "እሺ" ብዙ ነገር ነበረበት።

እግረ መንገዴን፣ ፍሬቻ ራሱ የጣልያንኛ ቃል ነው፤ ቀስት ማለት ነው። ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ከመምጣቱ በፊት መኪኖች ከጎናቸው እንደ ክንድ ብቅ የምትል ጠቋሚ ነበረቻቸው። ድሮ የተሠሩ ቮልሶች ላይ ያያት ሰው ይኖራል። ነገ የማወጣውም ዕቃ ሁሉ ጣልያን ነው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ናስትሮ። ሞተሯ ቻይና፣ ባለሞተሩ የሐዋሳ ልጅ።

እሁድ፣ ጥቅምት 2

ዕቃውን ትናንት ከሰዓት ገዝቼ ነበር። አራት ኤልኢዲ ፍሬቻ፣ አንገታቸው ጎማ፣ መስታወታቸው ብርቱካናማ። ነጋዴው ጥቁር መስታወት ያላቸውንም፣ መብራታቸው እየሮጠ የሚሄደውንም አሳየኝ። ማታ ሱቅ ውስጥ ሁሉም ያምራሉ። እኔ የምፈልገው ግን ቀን ፀሐይ ላይ የሚታይ ነው። ጥቁር መስታወት ብርሃኑን ይበላዋል። ነጭ ኤልኢዲ በብርቱካናማ መስታወት ሲያልፍም ብዙውን ብርሃን እዚያው ይተወዋል። ስለዚህ ከውስጥም ከውጭም ብርቱካናማ የሆነውን ወሰድኩ። የጎማ አንገቱንም ሆን ብዬ ነው፤ የሚቀጥለው ባጃጅ ሲመጣ ይታጠፍ እንጂ አይሰበር።

ከመፍታቴ በፊት ባትሪውን ለካሁ። ሞተር ጠፍቶ 12.6 ቮልት። ሞተር ተነስቶ ጋዝ ስሰጥ 14.2። ይህን የለካሁት ለጌጥ አይደለም። ኃይሉን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ከተበላሸ ቮልቱ ከ15 በላይ ይወጣል። አሮጌው አምፖል ያንን ትንሽ ይችለዋል፤ ኤልኢዲው ግን ብዙ አይቆይም። 14.2 ጤነኛ ነው።

ሞተሬ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣውን ሲጂ 125 እየቀዱ ከሚሠሩት የቻይና ሞተሮች አንዷ ናት። የሽቦዋ ቀለምም የሆንዳ ነው፣ ይህ ደግሞ ትልቅ ዕድል ነው። ጥቁር ሽቦ ቁልፍ ሲከፈት ኃይል የሚያገኘው ነው። ግራጫው ከፍላሸሯ፣ ማለትም ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም ከምታደርገው ዕቃ፣ ወደ ማብሪያው ይሄዳል። ከማብሪያው ብርቱካናማው ለግራ፣ ውኃ ሰማያዊው ለቀኝ ይወጣል። አረንጓዴው ማሳ ነው። ማሳ ስል የእርሻውን አይደለም፤ መካኒኮች ኔጌቲቩን፣ ከሻንሲው ብረት ጋር የሚታሰረውን ሽቦ እንዲህ ነው የሚሉት። ጥቁር ማለት ኔጌቲቭ ነው ብሎ የለመደ ሰው እዚህ ሞተር ላይ ፊውዝ ያቃጥላል። እዚህ ጥቁሩ ፖዘቲቭ ነው።

የኋላ መቀመጫውን አንስቼ የተሰበረውን ፈታሁ። የቀኙ ዳዶ ግን ዝጎ አልፈታ አለ። ዘይት አጠጥቼ ተውኩት። ምሳ ደረሰ። ባለቤቴ ምንም አላለችም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ከሥራ መልስ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል። ዳዶው ተፈታ።

አዲሱ ፍሬቻ ሁለት ሽቦ አለው፣ ቀይና ጥቁር። አሮጌው አምፖል የትኛው ሽቦ የትኛው እንደሆነ ግድ አልነበረውም፤ ብትገለብጠውም ይበራል። ኤልኢዲ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚበራው። ቀይ ፖዘቲቭ ነው ብዬ ከመገመት የ9 ቮልት ባትሪ ድንጋይ አምጥቼ ሞከርኩ። ሦስቱ ቀይ ፖዘቲቭ ሲሆን በሩ። አራተኛው አልበራም። የተበላሸ ሸጡልኝ ብዬ ተናድጄ ልነሳ ስል ገለበጥኩት፤ በራ። ፋብሪካው ውስጥ ሽቦውን ገልብጦ የበየደው ሰው አለ። ናስትሮ ጠቅልዬ ምልክት አደረግሁበት።

የሻንሲው ቀዳዳ ለአዲሱ ብሎን ሰፊ ነው፤ ይወዛወዛል። ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ውስጥ አራት ክብ ቆርጬ ሁለት ሁለቱን ከፊትና ከኋላ አደረግኩ፤ ከላያቸው ትልቅ ሮንዴላ፣ ከዚያ ዳዶ። ጎማው ንቅንቃቱንም ይበላል። ግን ጎማ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። አንዳንድ ሞተር ላይ የፍሬቻው ማሳ በብሎኑ በኩል ነው የሚመጣው፤ እንዲያ ቢሆን ኖሮ ይህ ዘዴ መብራቱን ይገድለው ነበር። የእኔዋ የራሷ አረንጓዴ ሽቦ ስላላት ተርፌአለሁ።

የኋላዎቹ ሁለቱ ታሰሩ። ማብሪያውን ወደ ግራ አደረግሁ። ጠጠጠጠጠጠጠጠ። እንደ ስፌት መኪና። ወደ ቀኝ፣ እሱም እንደዚያው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ሂሳቡ ቀላል ነው። አሮጌው አምፖል 10 ዋት ነው። በ12 ቮልት 0.83 አምፒር ይጠጣል። በአንድ ወገን ሁለት ስለሆኑ 1.7 አምፒር ገደማ። ፍላሸሯ የተሠራችው ይህን ያህል ኤሌክትሪክ በውስጧ ያልፋል ተብሎ ነው። ከዚያ ካነሰ "አምፖል ሞቷል" ብላ ትጣደፋለች። አዲሱን ኤልኢዲ በቴስተር ለካሁት፤ 0.1 አምፒር። ለፍላሸሯ ይህ ከሞተ አምፖል አይለይም።

ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው ከየኤልኢዲው ጎን ሪዚስተር አስሮ የአሮጌውን አምፖል ያህል ኤሌክትሪክ በከንቱ ማስጠጣት ነው። ነጋዴው ይህንኑ መከረኝ። ርካሽ ነው፣ ሽቦም አይቀያየርም። ግን የ10 ኦም ሪዚስተር በ14 ቮልት ላይ ሲሆን ወደ 20 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ያወጣል። እጅ ያቃጥላል፣ አጠገቡ ያለውን ፕላስቲክ ያቀልጣል። ደግሞስ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ኤልኢዲ አስገብቼ፣ የቆጠብኩትን ለማቃጠል ምድጃ ላስር? አልፈለግሁም።

ሁለተኛው ፍላሸሯን ራሷን መቀየር ነው። ስንት አምፒር አለፈ ብላ የማትጠይቅ፣ በራሷ ሰዓት የምታርገበግብ ኤሌክትሮኒክ ፍላሸር አለች። እሷን አዘዝኩ። ቅዳሜ ይደርሳል ተብሏል። እስከዚያ በስፌት መኪናዬ እነዳለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ፍላሸሯ መጣች። አሮጌዋ በግራ የጎን ክዳን ስር፣ ከባትሪው ጎን ነበረች፤ ሁለት እግር ያላት። አዲሷም ሁለት እግር አላት፣ ግን አንዲት ቀጭን ሽቦ ትርፍ አላት። ያቺ ማሳ ናት። ከአረንጓዴው ጋር አሰርኳት።

ሰካሁ። ምንም የለም። አይበራም፣ አያርገበግብም።

ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። የአዲሷ እግሮች ቦታ ከአሮጌዋ ተቃራኒ ነው። አንዱ እግር ኃይል የሚገባበት፣ አንዱ ወደ መብራቱ የሚወጣበት ነው። አሮጌዋ ብትገለብጣት ደንታ አልነበራትም። ሶኬቱን መቁረጥ አላስፈለገም፤ በመርፌ ጫፍ የተርሚናሉን ምላስ ገፋ አድርጌ ጥቁሩንና ግራጫውን አውጥቼ ቦታ አቀያየርኳቸው። ሰካሁ። ብልጭ... ድርግም... ብልጭ... ድርግም። በስልኬ ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ፤ በደቂቃ 84። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ መብራት ደንብ ከ60 እስከ 120 ይፈቅዳል። መሐል ላይ ነኝ።

የፊቶቹን ነገ። የሚቀረው ቀላሉ ነው አልኩ። እንዲህ ማለት ማቆም አለብኝ።

እሁድ፣ ጥቅምት 9

የፊት መብራቱን ሁለት ብሎን ስትፈታ ወደ ፊት ይወጣል፤ በስተጀርባው ቅርጫት ሙሉ ሽቦ ይጠብቅሃል። ከመንካቴ በፊት በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። የግራውን ፍሬቻ በብርቱካናማና በአረንጓዴ፣ የቀኙን በውኃ ሰማያዊና በአረንጓዴ አሰርኩ። አርባ ደቂቃ ብቻ። ቁልፍ ከፈትኩ፣ ወደ ግራ ገፋሁ።

አራቱም በሩ።

ወደ ቀኝ። አራቱም። የጎረቤታችን ልጅ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሲያይ ነበር። "ጋሼ፣ አምቡላንስ ሆነች እንዴ?" አለኝ። እህቱን ጠርቶ አሳያት።

ሽቦ ተነካክቶ ይሆናል ብዬ ሁሉንም ፈታሁ፣ አሰርኩ። ያው። ማብሪያውን ጠረጠርኩ፤ በቴስተር ስለካው ጤነኛ ነው። ደግሞ የገረመኝ ትናንት የኋላዎቹ ኤልኢዲ ሆነው፣ የፊቶቹ አሮጌ ሳሉ ግራና ቀኙ በትክክል ይለይ ነበር። እንግዲህ ችግሩ የመጣው የመጨረሻው አሮጌ አምፖል ሲወጣ ነው ማለት ነው። አሮጌው አምፖል ምን ይሠራ ነበር?

ማታ በወረቀት ላይ ስስል ገባኝ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የፍሬቻ ጠቋሚ አንዲት ብቻ ናት። ለግራም ለቀኝም እሷው ትበራለች። ሁለት ሽቦ አላት፤ አንዱ ብርቱካናማው ላይ፣ አንዱ ውኃ ሰማያዊው ላይ ታስሯል። አረንጓዴ የላትም። ማሳ የሌላት መብራት እንዴት ትበራለች? እንዲህ ነው። ግራ ሲበራ ኤሌክትሪኩ በብርቱካናማው ይገባል፣ ጠቋሚዋን ያበራል፣ ከዚያ በውኃ ሰማያዊው ወጥቶ በቀኝ በኩል ባሉት በሁለቱ አምፖሎች ክር አልፎ ወደ ማሳ ይወርዳል። ቀኝ ሲበራ ተገላቢጦሽ ነው። ማለትም ያልበራው ወገን ለበራው ማሳ ሆኖ ያገለግል ነበር። ፋብሪካው አንድ ሽቦና አንድ አምፖል የቆጠበበት ብልሃት ነው፣ ይደነቃል።

የቀኞቹ አምፖሎች ለምን አይበሩም ነበር? ጠቋሚዋ 3.4 ዋት ናት። በእሷ የሚያልፈው ከሩብ አምፒር ትንሽ የሚበልጥ ነው፣ እሱም ለሁለት ይካፈላል። 0.83 አምፒር ለሚፈልግ አምፖል ይህ ሹክሹክታ ነው፤ ክሩ አይሞቅም። ኤልኢዲ ግን በ0.1 አምፒር ሙሉ ይበራል። ሹክሹክታውን ሰምቶ ይነሳል። ጠቋሚዋ ደግሞ በበኩሏ የሚደርሳት ስላነሰ ፍዝዝ ብላለች፤ ይህንንም አሁን ነው ያስተዋልኩት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

መፍትሔው ሁለት ዳዮድ ነው። ዳዮድ ለኤሌክትሪክ የአንድ አቅጣጫ መንገድ ነው፤ ያስገባል እንጂ አይመልስም። ዋን-ኤን-4007 የሚባለው እስከ 1 አምፒር ይችላል፣ በየቻርጀሩና በየሬዲዮው ውስጥ አለ።

የሞተር መለዋወጫ ቤቶች የሉትም። ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ዳዮድ ይኖርዎታል?"

"ስንት ነው የምትፈልገው?"

"ሁለት።"

"አራት ውሰድ። አንዱን ታቃጥለዋለህ፣ አንዱን ትጥለዋለህ።" መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ከአንድ የሞተ ቦርድ ላይ ነቅለው ሰጡኝ። ብር ሳወጣ እጃቸውን አወዛወዙ። "ሂድ ሂድ። ሲሠራልህ አምጥተህ አሳየኝ።"

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

አንዱን ጣልኩት። የት እንደገባ አላውቅም፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። አንዱን በካውያ ብዙ አቆይቼበት እግሩ ተነቀለ። ሽማግሌው ነቢይ ናቸው።

የቀሩትን ሁለቱን እንዲህ አሰርኩ። መጀመሪያ የጠቋሚዋን ሁለት ሽቦዎች ከብርቱካናማውና ከውኃ ሰማያዊው አላቀቅኩ። ዳዮዷ ጥቁር ናት፣ አንድ ጫፏ ላይ ብርማ ቀለበት አለ። የአንዷን ቀለበት የሌለበትን ጫፍ ከብርቱካናማው፣ የሌላዋን ከውኃ ሰማያዊው ጋር በየድኩ። ቀለበት ያለባቸውን ሁለቱን ጫፎች አንድ ላይ ጠመዘዝኩና ከጠቋሚዋ አንድ እግር ጋር በየድኳቸው። የጠቋሚዋን ሌላኛውን እግር ከአረንጓዴው ጋር አሰርኩ። አሁን ጠቋሚዋ የራሷ ማሳ አላት፤ ከግራ የመጣው ወደ ቀኝ መሻገር አይችልም፣ ከቀኝ የመጣውም ወደ ግራ። ሲሞቅ የሚኮማተር ቱቦ አልብሼ በክብሪት አጠበቅሁት። ክብሪቱ አንድ ቦታ ላይ ጥቁር አደረገው። ማን ያየዋል።

ወደ ግራ፤ ግራ። ወደ ቀኝ፤ ቀኝ። ጠቋሚዋም ደምቃ። የጎረቤት ልጅ ቅር አለው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

በጣም አጭር ደስታ ነበር።

ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ሁሉም ሠርቷል። መሥሪያ ቤት ደርሼ፣ ፍሬቻ አሳይቼ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ጠምዝዤ ላቆም ስል ሁሉ ነገር ጠፋ። ፍሬቻ የለም፣ ክላክስ የለም፣ የማርሽ መብራት የለም። ሞተሯ ብቻ መሥራቷን ቀጠለች፤ ማቀጣጠያዋ ከባትሪ አይበላም። ከመቀመጫው ስር የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ፊውዟ ተበጥሳለች። ፍላሸሯ ደግሞ ከፊውዟ ቀድማ ሄዳለች። አራት ቀን ነው የኖረችው።

ማታ ቴስተሩን ድምፅ የሚያሰማበት ቦታ ላይ አድርጌ፣ አንዱን ጫፍ ብርቱካናማው ላይ፣ አንዱን ሻንሲው ላይ ያዝኩ። ዝም። መሪውን ወደ ቀኝ አዞርኩ፤ ዝም። ቀስ እያልኩ ወደ ግራ አዞርኩ። ዝም፣ ዝም፣ ዝም፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ጲጲጲጲ። ትንሽ ወደ ኋላ ስመልሰው ዝም አለ። በመሪው አንገት ስር ገብቼ አየሁ። የፊት ግራውን ሽቦ ሳስር ትንሽ አርዝሜ ትቼው ነበር። ትርፉ ወርዶ መሪው ከሻንሲው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ተቀምጧል። ሙሉ በሙሉ በታጠፍኩ ቁጥር ብረቱ የሽቦውን ሽፋን ነክሶት፣ ነክሶት፣ መዳቡ ወጥቷል። ፍሬቻው በርቶ ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ ስዞር ብቻ ነው ኤሌክትሪኩ በቀጥታ ወደ ማሳ የሚገባው። ቤት ስሞክር መሪው ሁሌ ቀጥ ብሎ ነበር።

ሽቦውን አሳጠርኩ፣ ከአሮጌው የሽቦ ጥቅል ጋር አብሬ አሰርኩት። ያ ጥቅል ከፋብሪካ ሲወጣ በአንገቱ ፊት ለፊት የዞረው በከንቱ አልነበረም። ቴስተሩን እንደያዝኩ መሪውን አሥር ጊዜ ከዳር ዳር አዞርኩ። ዝም። ይህንን ኃይል ከመልቀቄ በፊት እሁድ ማድረግ ነበረብኝ፤ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ሁለተኛ ፍላሸር። ዋጋውን ባለቤቴ ስላልጠየቀች አልነገርኳትም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ቀን 6 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ፈተንኩ። ሞተሯን ደጅ አቁሜ የጎረቤት ልጅ ማብሪያው ላይ ተቀመጠ። ሠላሳ እርምጃ ሄጄ ዞርኩ። "ግራ!" ፊት ለፊቱ በደንብ ይታያል። ወደ ኋላ ዞርኩ። "ቀኝ!" ምንም። "ቀኝ እኮ ነው ጋሼ!" ጎንበስ አልኩ፤ ታየኝ። የኋላዎቹ የጎማ አንገት ክብደት አጎንብሶት ብርሃኑን ወደ መሬት ይልካል። የአሮጌው አምፖል ብርሃን በሁሉም አቅጣጫ ይረጭ ስለነበር ቢጣመምም ይታይ ነበር። ኤልኢዲው ግን ፊት ለፊቱን ብቻ ነው የሚያየው። ፈትቼ፣ ከሮንዴላው ስር አንዲት የጎማ ቁራጭ በአንድ ወገን ጨምሬ፣ ወደ አሽከርካሪ ዓይን ከፍታ አቀናሁት። ልጁ ለድካሙ ለስላሳ ጠየቀ። ይገባዋል።

ከሰዓት ሽማግሌው ዘንድ ሄድኩ፤ ማሳየት ነበረብኝ። ከሱቃቸው ወጥተው ሁለቴ ግራ፣ ሁለቴ ቀኝ አስደረጉኝ። "ትርፎቹ ዳዮዶችስ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ።

ስመለስ አንድ መንገደኛ ጣቶቹን እየገጠመ እየከፈተ አሳየኝ። ቀጥሎ አንዲት እናት። ቀጥሎ አንድ የትራፊክ ፖሊስ፣ እሱም በጣቱ። ፍሬቻዬ ከሽማግሌው ሱቅ ጀምሮ በርቶ ነበር። አሮጌዋ ፍላሸር ጠቅ ጠቅ ትል ነበር፤ ሳላስበው በጆሮዬ ነበር የማጠፋው። አዲሷ ድምፅ የላትም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

የ12 ቮልት ትንሽ ጩኸት የምታሰማ ባዘር ገዛሁ። ሁለቱ ዳዮዶች ከሚገናኙበት ቦታ ነው የወሰድኩላት፤ እዚያ ግራም ቀኝም ሲበራ ኃይል አለ። አንዱን ሽቦ እዚያ፣ ሌላውን አረንጓዴው ላይ። ዳዮዶቹ ይህን ሥራ በነጻ ሠሩልኝ።

ጲ... ጲ... ጲ። ሞተሩ እየሠራም ይሰማል።

እሁድ፣ ጥቅምት 23

ትናንት ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ወደ ግቢ ስገባ ውሻው ጮኸ፣ የጎረቤት ውሻ ተቀበለው። ጎረቤታችን ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ "ሞተርህ ጫጩት ፈለፈለች እንዴ?" አለችኝ። የባዘሯን ቀዳዳ በሦስት ዙር ናስትሮ ሸፈንኩ። አሁን ለእኔ ብቻ ይሰማል።

ሰኞ፣ ሕዳር 1

የቦሎ ምርመራ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሬ ተሰልፌ ተራዬ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። ስለ ዳዮዶቹ ቢጠይቀኝ የማስረዳበትን ንግግር በልቤ አዘጋጅቼ ነበር።

"ግራ" አለ መርማሪው። አሳየሁ። "ቀኝ።" አሳየሁ። "ፍሬን።" ያዝኩ። "እለፍ።"

ቤት ስደርስ የኋላ ቀኙ ዳዶ ትንሽ ላልቷል። በ10 መፍቻ አጠበቅሁት፣ ከላዩ ሁለተኛ ዳዶ ጨመርኩበት።